ድንበር የሚያሻግር የሐይቅ ጉዞ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በቺካጎና በቶሮንቶ የሚኖሩት እህቴና ወንድሜ እናታችንን ከደብረ ብርሃን ወስደው፣ ቤተሰቡ በአሜሪካና በካናዳ ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ላይ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ ከሚሺጋን ሐይቅ ተነሥቶ እስከ ኦንታሪዮ ሐይቅ እንዲጓዝ ባሰቡ ጊዜ፣ የአገር ቤቱን ዝግጅት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያጋጠሙን ስህተቶች ሌላ ቤተሰብ ላይ እንዳይደርሱ በየተራ አስረዳለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የወቅት ነው። «በበጋ ይሁን» ብለን በስልክ ተስማማን፤ እናታችን ከጥምቀት በኋላ ማለታችን መስሏት ነበር፣ ወንድሜ ግን ሐምሌን ማለቱ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ጊዜ እዚያ በጋ ነው። ሐይቆቹን ከአትላንቲክ ጋር የሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የቅዱስ ሎውረንስ የመርከብ መስመር ከታኅሣሥ መገባደጃ እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ በብርዱ ምክንያት ዝግ ነው። ጥቅምትና ኅዳርም ማዕበል የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ 222 ሜትር የሚረዝመው ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለው የጭነት መርከብ ከ29 ሠራተኞቹ ጋር በሱፒሪየር ሐይቅ የሰጠመው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ነው።

ከሁሉ የከበደው ስህተታችን ከሰው በፊት ጀልባ መምረጣችን ነው። የኪራዩ ቀብድ ሲከፈል እናታችን ገና ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ አልያዘችም ነበር። ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ያለው ሚሺጋን ብቻ ሲሆን፣ የሌሎቹ ወሰን ውኃው ላይ በዓይን ሳይታይ ያልፋል። ካርታውን ዘርግተን በጣታችን ስንከተለው፣ የመረጥናቸው ወደቦች አራት ጊዜ ከአገር ወደ አገር የሚያሻግሩ ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ የሁለቱንም አገሮች ቪዛ ከመያዙ በላይ፣ እያንዳንዱ ቪዛ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና ወጥቶ መመለስን በምን ሁኔታ እንደሚቀበል አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ወደብ ሲደረስም ካፒቴኑ ለድንበር ባለሥልጣናት አሳውቆ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ሌላ ሰው ከጀልባው መውረድ የለበትም። ጀልባው በየትኛው አገር ባንዲራ እንደተመዘገበም ይጣራ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል።

ሻንጣ ሲዘጋጅም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናቴ ቋንጣውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከበሶው ሥር አስቀምጣው አገኘሁ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሥጋ አሜሪካ አይገባም፤ የደረቀ መሆኑም አያድነውም። ቋንጣውን አወጣንና በርበሬውን፣ ሽሮውንና በሶውን ለማስመዝገብ በዝርዝር ጻፍናቸው። በአንዱ አገር የተገዛ ሥጋና ፍራፍሬ ወደ ሌላው ሲሻገርም እንደዚሁ ይጠየቃል።

ሰዓትን አጥብቆ ማቀድ ሌላው ስህተት ነው። የናያግራን ፏፏቴ ዞሮ የኤሪን ሐይቅ ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚያገናኘው የዌላንድ ቦይ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በውስጡ ሎክ የሚባሉ ስምንት ባለ በር ክፍሎች አሉ፤ ውኃ እየሞሉና እየቀነሱ መርከብን በጠቅላላው 100 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ቅድሚያው የጭነት መርከቦች ስለሆነ የመዝናኛ ጀልባ ለሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል። እህቴ የመመለሻውን አውሮፕላን ቦዩን በምናልፍበት ቀን ማታ ይዛው ስለነበር በሁለት ቀን አዘገየነው።

ሐይቅ ሲባል የረጋ ውኃ ማሰብም አደገኛ ነው። ሚሺጋን ከጣና ከ15 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የኤሪ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 19 ሜትር ብቻ ስለሆነ ነፋስ በአጭር ጊዜ ቀጥ ያለና የተጠጋጋ ማዕበል ያስነሣበታል። በዚያ አገር በጋ መጀመሪያ ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ውኃ ሲነካ ጉም ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት እንደሚነዳ የሚያውቅ ሰው፣ ካፒቴኑ «ዛሬ ከወደብ አንወጣም» ቢለው ሊያጉረመርም አይገባም፤ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ቀናት ቀድመው በዕቅዱ ይግቡ።

በመጨረሻም የመጸዳጃ ፍሳሽ ነገር አለ። የሐይቆቹ ውኃ የሚሊዮኖች መጠጥ ስለሆነ ፍሳሹ በጀልባው ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ተይዞ ወደብ ላይ ይመጠጣል፤ ትልቅ ጀልባን የሚያስተናግዱት የትኞቹ ወደቦች እንደሆኑ ከመነሣታችን በፊት ካፒቴኑን ጠይቀን ካርታው ላይ ምልክት አደረግንባቸው።