በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ቀንድ አውጣዎችን ለመመዝገብ የሚረዳ መመሪያ

የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች የሞለስክ (ቀንድ አውጣንና ዘመዶቹን የሚያካትተው የለስላሳ አካል እንስሳት ክፍል) ዝርያዎቻቸውን መመዝገብ የሚጀምሩት ከማዕበሉ ዳር ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ የእኛ አገር መዝጋቢ የሚሠራው በወንዝ፣ በረግረግ፣ በግድብና በደን ውስጥ ነው፤ የአመዘጋገቡ ሥርዓት ግን በቀይ ባሕር ዳር ከሚሠራበት የተለየ አይደለም። ለጀማሪ የአዲስ አበባ ዙሪያ ምቹ ቦታ ነው፤ የሱሉልታ ረግረግ፣ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች፣ ከእንጦጦ የሚወርዱት ምንጮች፣ የመናገሻ ሱባ የጽድ ደንና የአቃቂ ወንዝ ሁሉም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። ካርል ዪኬሊ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የየብስና ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ሞለስኮች እ.ኤ.አ. በ1874፣ ዴቪድ ብራውን ደግሞ ጨዋማ ባልሆነው የኢትዮጵያ ውኃ የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ዘርዝረው አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እጅግ ስለሰፋች፣ ዛሬ የትኛው ዝርያ የት እንዳለ በአዲስ መልክ መጻፍ ያስፈልጋል።

የመዝገብ ዋጋ የሚለካው በስሞቹ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱን ስም ለማጣራት የሚያስችል ናሙና በመኖሩ ነው። የተሳሳተ ስም ናሙናው ካለ ከብዙ ዓመት በኋላም ይታረማል፤ የተገኘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈለት ዛጎል ግን የቱንም ያህል ቢያምር ለመዝገብ አይበቃም። ስለዚህ ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው መለያ ወረቀቱ ነው።

መለያው በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ውስጥ ይሟሟልና። ወረቀቱም ከጠርሙሱ ውጭ ከመለጠፍ ይልቅ ከናሙናው ጋር ወደ ውስጥ ይግባ። ቀን ሲጻፍ የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ በእኛ አገር ግዴታ ነው። «5/2/2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈን ቀን አንዱ አንባቢ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2023 ብሎ ሲረዳው፣ ሌላው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2016 ነው ሊል ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ አንደኛው ክረምት እንደወጣ ሌላኛው በበጋ መሆኑም ሳይዘነጋ። በሰዓትም የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የቦታ ስም ብቻውን አይታመንም፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ይባል እንደነበረ ሁሉ ብዙ መንደሮችና ጅረቶች ሁለት ስም አላቸው። ስለዚህ በስልክዎ ጂፒኤስ የሚያገኙትን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውንም ከፍታ ይጨምሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የአካባቢው ሁኔታ ይጻፋል፦ ውኃው የቆመ ወይም የሚፈስ መሆኑ፣ ሥሩ ጭቃ ወይም ድንጋይ መሆኑ፣ ከብት የሚጠጣበት ወይም ልብስ የሚታጠብበት መሆኑ። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት፣ በወንዙ ላይ የሚሠራውንም ስላስተዋሉ ነው።

ለመስክ ሥራ ረጅም እጀታ የታሰረበት የወጥ ቤት ወንፊት፣ መቆንጠጫ፣ ክዳናቸው የሚገጥም ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ቡትስ ጫማና የላስቲክ ጓንት ይበቃሉ። በየትኛውም ውኃ ሲሠሩ ጓንቱን አያውልቁ፤ በአቃቂ ወንዝ ከከተማው ፍሳሽ በተጨማሪ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ አለ። በእያንዳንዱ ቦታ እኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጉ፤ አለዚያ ቦታዎቹን ማነጻጸር አይቻልም። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ጎርፉ ጋብ ብሎ ረግረጉ ገና ሳይደርቅ፣ ከሁሉ የተመቸ ወቅት ነው። በደን ውስጥ የወደቀ ግንድና የረጠበ ቅጠል ሥር ይፈለጋል፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቁ።

ናሙናው በ70 በመቶ አልኮል ይቀመጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 96 በመቶ ከሆነ፣ 73 ሚሊ ሊትሩን በውኃ 100 ሚሊ ሊትር መሙላት ነው፤ ለዘረ መል ምርመራ የሚፈለገው ግን ሳይበረዝ ይቀመጥ። ፎርማሊን አሲድነት ስላለው ዛጎሉን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ባይጠቀሙበት ይመረጣል። ደረቅ ዛጎልንም በእንጨት መሳቢያ ወይም በተራ ካርቶን አያስቀምጡ፤ ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ተን ከዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ ገጹን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል።

ለመለየት ዛጎሉን ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ እርስዎ ሆኖ ይያዙት። አፉ በቀኝ በኩል ከተከፈተ የሊምኔያ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ በግራ ከተከፈተ ቡሊነስ ወይም ፋይሳ ነው፤ ጠፍጣፋ ጥቅልል ከሆነ ባዮምፋላሪያንና ዘመዶቹን ያስቡ። በከብት መስክ ረግረግ ላይ በተለይ የሚፈለገው ጋልባ ትሩንካቱላ ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ የዛጎሉ ጥምዝ ዙሮች ደረጃ ሠርተው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ስፌት ጥልቅ ነው። በደጋ በጎችንና ከብቶችን የሚጎዳውን የጉበት ትል፣ ፋሺዮላ ሄፓቲካን፣ የሚያስተላልፈው እርሱ ስለሆነ፣ የተገኘበት እያንዳንዱ ኩሬ ለአርቢውና ለእንስሳት ሐኪሙ የሚጠቅም መረጃ ነው። ከእርሱ የሚተልቀው ራዲክስ ናታሌንሲስ በመጨረሻው ሰፊ ዙሩና በትልቅ አፉ ይለያል፤ ፋሺዮላ ጃይጋንቲካን የሚያስተላልፈውም ይኸው ነው። ጭቃውን ሲያጥቡ ፒሲዲየም የሚባሉት፣ የምስር ፍሬ ያህል የሆኑ ባለ ሁለት ክዳን ሞለስኮች በወንፊቱ ላይ ሊቀሩ ስለሚችሉ ጭቃውን ቶሎ አይድፉት። እርግጠኛ ካልሆኑ በወገኑ ስም፣ ማለትም እንደ «ጋልባ» ባለው የመጀመሪያ ቃል፣ ያቁሙ፤ የተገመተ የዝርያ ስም ከጎደለ ስም የበለጠ ይጎዳል።

ሳይንሳዊው ስም በላቲን ፊደል ከሰያሚውና ከዓመቱ ጋር ይጻፋል። ሙለር እ.ኤ.አ. በ1774 ትሩንካቱላን የሰየመው በሌላ ወገን ሥር ስለነበር፣ ዛሬ ስሙና ዓመቱ በቅንፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ቅንፉን መርሳት የስሙን ታሪክ ያዛባል። አሁን ተቀባይነት ያለው ስም የትኛው እንደሆነ ሞለስካቤዝ ከተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ይታያል።

ምንም ያልተገኘበትም ቦታ ቀኑና የተፈለገበት ደቂቃ ተጽፎ በመዝገቡ ይግባ። የተሟላ ስብስብ ሲኖርዎት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ያነጋግሩ። ናሙና ለዘረ መል ምርመራ ወደ ውጭ አገር መላክ ከታሰበ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ መውሰድ ያስፈልጋል።