ደብዳቤ መጣ ማለት ልጁ ተመለመለ ማለት አይደለም

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብላ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እንዳይጨማደድ በላስቲክ ሸፍናዋለች። «ጋሼ፣ ልጄን ኮሌጅ ጠራው። በፉትቦል። ስኮላርሺፕ ነው አይደል?» አለችኝ። አሜሪካ ከገባች ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ወረቀቱን ሳላነበው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። በዚህ ዓመት ብቻ አራተኛዬ ነው። አንዱን በስልክ፣ አንዱን ነዳጅ ማደያ ቆሜ፣ አንዱን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አስረድቻለሁ። ለቅሶ ቤት! ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ።

የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ኡበር እነዳለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እዚህ «ፉትቦል» ሲሏችሁ እንቁላል የመሰለችዋን ኳስ በእጃቸው ይዘው፣ ራስ ቁር አድርገው የሚላተሙበት ነው። የእኛው ኳስ እዚህ «ሶከር» ነው የሚባለው። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የማታውቁት የኮሌጁን ነው። የተማሪ ጨዋታ ብላችሁ እንዳትንቁት። እዚሁ ኮሎምበስ ያለው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ102 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 107,601። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞላሉ።

እነዚህ ሁለቱ ከ1897 ጀምሮ የሚጫወቱ ባላንጣዎች ናቸው። ቡናና ጊዮርጊስ የሚገናኙ ዕለት ስታዲየም ዙሪያ የነበረውን ግርግር ታስታውሳላችሁ? እሱን ወስዳችሁ ሁለት ክፍለ ሀገር ላይ ዘርጉት። ጠቡ ከኳስም ይቀድማል። በ1835 ለቶሌዶ ከተማ ሲሉ ሁለቱም ወገን ሚሊሻ አስታጥቆ ድንበር ላይ ተፋጥጦ ነበር። ቶሌዶ ለኦሃዮ ደረሰች። እዚህ «ሚሺጋን» የሚለውን ስም እንኳ መጥራት የሚጸየፍ አለ፤ «ያ ሰሜን ያለው ቡድን» ነው የሚለው።

ይህ እናንተን ምን አገባው? ልንገራችሁ። አንድ አዲስ የመጣ ልጅ ኅዳር ላይ ብርዱ ሲብስበት ከልባሽ መደብር በ8 ዶላር ጥሩ ካፖርት ገዛ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ደረቱ ላይ ትልቅ ቢጫ «ኤም» አለበት። ሥራ ለብሶት ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ምን በደልኳቸው? ካፖርቴ ላይ በቀይ ፕላስተር ኤክስ ለጠፉበት። ሊያባርሩኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኤም» የሚሺጋን አርማ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከጨዋታው በፊት ያለው የሚሺጋን ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ያለውን ምልክት ሁሉ እየዞሩ «ኤም» ፊደል ላይ ቀይ ኤክስ ያደርጋሉ። የቤተ መጻሕፍቱም፣ የሙዚየሙም «ኤም» አይቀርለትም። የልጁ ካፖርት በልዩነት የተፈረደበት አልነበረም። ቢሆንም ካፖርት ስትገዙ ደረቱን አንብቡ።

ሌላም አለ። መንገድ ላይ አንዱ ከመኪና አንገቱን አውጥቶ «ኦ! ኤች!» ብሎ ቢጮህባችሁ ስድብ አይደለም። «አይ! ኦ!» ብላችሁ መመለስ ነው፤ አራቱ ፊደል ሲገጣጠም «ኦሃዮ» ነው። በቃ፣ ወዳጅ ሆናችሁ።

የሁለቱ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የኅዳር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ታንክስጊቪንግ ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በእነሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በእኛ ስድስት። ይህን አምታቶ ተሳፋሪ ያመለጠው ኡበር ነጂ አውቃለሁ። ጨዋታው ኮሎምበስ ከሆነ በሌን ጎዳና በኩል መኪና ይዛችሁ አትግቡ። በዚያ ቅዳሜ ሠርግ አትደግሱ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ከጠበኞች ራቁ። በ2024 ሚሺጋን እዚሁ መጥቶ 13 ለ 10 አሸነፈና ተጫዋቾቹ ባንዲራቸውን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሞክሩ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስ በርበሬ እስከ መርጨት ደረሰ። እናንተ ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰዎች ናችሁ። በሰው ኳስ ፖሊስ መዝገብ ላይ ስማችሁ እንዲገባ አልመክርም።

አሁን ወደ ምልመላው። ባላንጣነቱና ምልመላው አንድ ነገር ናቸው። ኮሌጆቹ የሚዋጉት ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሎን ውስጥም ነው። ዴዝመንድ ሃዋርድ የክሊቭላንድ ልጅ ነው። ቻርልስ ዉድሰን የፍሪሞንት፣ እዚሁ ኦሃዮ። ሁለቱም ሚሺጋን ሄደው ሃይዝማንን ወሰዱ፤ አንዱ በ1991፣ ሌላው በ1997። ሃይዝማን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ነው። እዚህ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያንገበግባቸዋል። ታዲያ አንድ ጎበዝ ልጅ ሲገኝ እንዲህ ነው የሚሻሙት፤ ይደውላሉ፣ አውሮፕላን ትኬት ይቆርጣሉ። ይህን ቴሌቪዥን ላይ ያየ ወላጅ አርማ ያለበት ፖስታ ሲደርሰው ልቡ ቢዘል አይፈረድበትም። የእኔም ዘሏል።

ልጄ ሶከር ተጫዋች ነበር። አሥረኛ ክፍል ሲደርስ የፉትቦሉ አሰልጣኝ ምቱን አየና ኪከር አደረገው። ኪከር ማለት ኳሷን በሁለቱ ዘንጎች መሃል የሚመታው ነው። የእኛ ልጆች የሚገቡበት በር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አለ። ወፍራም ወረቀት፣ የሚያብለጨልጭ አርማ፣ የልጄ ስም ከነአባቱ፣ ከታች የዋናው አሰልጣኝ ፊርማ። «ችሎታህን በአካል ልናይ እንወዳለን» ይላል። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ፊርማውን በጣቴ ዳሰስኩት። የታተመ ነበር። ያኔ ግን ይህን እንደ ክብር ነው የቆጠርኩት፤ «ማኅተም ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ጎረቤት ጠራን። እናቴ አዲስ አበባ ሆና እልል አለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ሳነብ 95 ዶላር መመዝገቢያ ይላል። ከፈልኩ። አዲስ ጫማ 120። ሁለት ሌሊት ሆቴል፣ ነዳጅ፣ ከሥራ የቀረሁበት ቀን። ስድስት ሰዓት ነድተን ደረስን።

ሜዳው ላይ ወደ አራት መቶ ልጅ ተሰልፏል። ለልጄ ደረቱ ላይ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ለጠፉለት፤ 217። ተራው እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ስድስት ኳስ መታ። አራቱ ገቡ፣ አንዷ ዘንጉን መትታ ተመለሰች፤ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሲያልቅ ሰሌዳ የያዘ ወጣት ጋ ሄጄ «ስለ ስኮላርሺፑ የሚያነጋግረኝ የትኛው ነው?» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ፣ ይሄ ካምፕ ነው» አለኝ። ካምፕ ማለት ከፍለው የሚገቡበት የልምምድ ቀን ነው፤ ምልመላ አይደለም። ቲሸርት ሰጥተውን ተመለስን።

በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁና እናንተ በነጻ ተማሩ። ኤንሲኤኤ፣ ማለትም የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ሕግ አለው። የካምፕ ማስታወቂያና መጠይቅ ለማንም ልጅ፣ በማንኛውም ዕድሜ መላክ ይቻላል። ኮሌጁ የሚያዘጋጀው ካምፕ ደግሞ ለመጣ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት፤ ቦታ እስካለ ድረስ ከፍሎ የመጣን ልጅ ችሎታህ አነስተኛ ነው ብለው አይመልሱትም። እንግዲህ አስቡት። ለሁሉም ክፍት በሆነ ነገር ላይ «ተጋብዘሃል» ማለት ምን ማለት ነው? የባዛር በራሪ ወረቀት ስማችሁ ተጽፎበት ቢደርሳችሁ ባዛሩ የእናንተ ሆነ?

ሞኝነቴ በዚህ አላበቃም። ከካምፑ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ድርጅት ደወለ። የልጃችሁን ቪዲዮ ለመቶ ኮሌጅ እንልካለን፣ 2,400 ዶላር፣ በወር በወር ይከፈላል አሉ። 900 ከፍዬ ነው የነቃሁት። ቪዲዮውን ልጄ ራሱ በስልኩ ቆርጦ ለአሰልጣኞቹ በኢሜይል ሲልክ በድርጅቱ ካገኘው የበለጠ መልስ አገኘ። የአሰልጣኞቹ ኢሜይል እኮ በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ተቀምጧል።

እውነተኛው ምልመላ እንዴት ይለያል? አሰልጣኙ ራሱ ይደውላል፤ የልጁን ጨዋታ አይቷል፤ የትኛውን እንዳየ ይናገራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃ፣ ይጠይቃል። ውጤት ያልጠየቀ አሰልጣኝ ልጃችሁን አልፈለገውም። ልጁ ኮሌጁን ለማየት የሚሄድበት ጉብኝትም ሁለት ዓይነት ነው። ኦፊሻል ከሆነ ወጪውን ኮሌጁ ይችላል፤ አን-ኦፊሻል ከሆነ ከኪሳችሁ ነው። «ማን ነው የሚከፍለው?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ይሉኝታ እዚህ አገር ገንዘብ ያስከፍላል።

«ኦፈር ሰጡኝ»፣ ማለትም ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን አሉኝ፣ የሚለውንም ተጠንቀቁ። በቃል የተሰጠ ኦፈር ማንንም አያስርም፤ ኮሌጁም ልጁም በማግስቱ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። ቀድመው የመጡ ዘመዶቻችሁ ልጁን ከኮሌጁ ጋር ስለሚያስረው ወረቀት፣ ስለ «ሌተር ኦፍ ኢንቴንት»፣ ቢነግሯችሁ እሱ በ2024 ቀርቷል። አሁን የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፉ የተጻፈበት ስምምነት ነው። ቁጥሩ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ አንብቡ። «ፕሪፈርድ ዎክ-ኦን» የሚባልም አለ። ሲሰሙት ያምራል፤ ትርጉሙ ቡድኑ ውስጥ ቦታ አለህ፣ ገንዘብ ግን የለም ነው። ኪከሮች አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚገቡት። እሱም ጠቧል፤ ከ2025 ወዲህ ኮሌጅ ራሱ ለተጫዋቾች እንዲከፍል የፈቀደውን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉት ትልልቅ ኮሌጆች በአንድ ቡድን ከ105 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም።

አሁን የሚያናድደኝ ክፍል። ልጆቻችሁን ከአዲስ አበባ አምጥታችሁ «እንግሊዝኛው ይጠንክርለት» እያላችሁ ዘጠነኛን የጨረሰውን እንደገና ዘጠነኛ ታስገባላችሁ። ለትምህርቱ ይጠቅም ይሆናል። ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ከሦስቱ የኤንሲኤኤ ደረጃዎች ከፍተኛው ላይ፣ መጫወት ለሚፈልግ ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ልጁ መጀመሪያ ዘጠነኛ ከገባበት ቀን ነው፤ ሐዋሳም ይግባ ኮሎምበስ። ከዚያ ጀምሮ በአራት ዓመት 16 ዋና ዋና ኮርሶች መጨረስ አለበት፤ አሥሩን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት። በእነዚህ ኮርሶች ከ4.0 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለበት። ኢኤስኤል፣ ማለትም ለአዲስ መጤ የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ በአብዛኛው ከ16ቱ አይቆጠርም። ይህን ለእኛ የነገረን ካውንስለር፣ ማለትም የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዋ ሄጄ ሦስቴም «ኢሜይል ላክልኝ» አለችኝ። የየትምህርት ቤቱ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር ኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ ራሳችሁ ፈልጉ።

የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይጠየቃል። ከመምጣታችሁ በፊት አውጡ። ከዚህ ሆኖ ማስወጣት ማለት አንድ የአጎት ልጅ ለአንድ ወር «ማኅተም ያዡ የለም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ማለት ነው። የልደት ቀኑንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ቀይሩ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓመት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሌላ ዓመት ከሆነ ማስረዳቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የራሴን ሐሳብ ልናገር፤ የሚቆጣ ይቆጣ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፉትቦል ከሚጫወቱት ኤንሲኤኤ ደረጃ የሚደርሱት ከመቶ ሰባት ገደማ ናቸው። ዲቪዚዮን ሦስት ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ሃርቫርድንና የልን የያዘው አይቪ ሊግም እንዲሁ፤ እነሱ የሚሰጡት በቤተሰቡ አቅም ነው። በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመጣችሁ፣ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ሰዎች ፋፍሳ፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ መሙላት ትችላላችሁ። ነጻ ነው። ለካምፕ ስድስት ሰዓት የሚነዳ አባት ፋፍሳ ለመሙላት አንድ ምሽት የለኝም ሲለኝ ንዴቴ ይመጣል። እኔም ያው ነበርኩ። ልጄ ዛሬ የሚማረው በፋፍሳ በኩል በሚገኘው፣ በማይመለሰው የመንግሥት ድጋፍ፣ በፔል ግራንት ነው፤ ኳሷን የሚመታው እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ፓርክ ውስጥ ነው። በኤፍ ዋን ቪዛ የመጣ ተማሪ ካለ ደግሞ በስሙ ማስታወቂያ ልሥራ ብሎ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ከ2021 ጀምሮ ለተጫዋቾች የተፈቀደው ገንዘብ ለእሱ ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል።

ለዚያች እናት ይህን ሁሉ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ወረቀቱን ወደ ላስቲኩ መለሰችው፤ እንዳይጨማደድ አሁንም እየተጠነቀቀች።

«ቲሸርቱን ግን ይሰጡታል አይደል?» አለችኝ።

ይሰጡታል።