ስኮርታውን ጨምሮ አምስቱንም ጎማ ማፈራረቅ

ሃይሉክሴ አስፋልት ላይ በፈጠነ ቁጥር ከፊት በኩል የሚሰማው ጉምጉምታ የኩሽኔታ ብልሽት መስሎኝ ነበር፤ ጎሚስታው ግን የፊት ጎማዎችን ጠርዝ በመዳፉ ዳስሶ፣ ቦታ ሳይቀያየሩ በመቆየታቸው የመጣ ያልተስተካከለ አበላል መሆኑን አሳየኝ። ስኮርታው ግን ከሥር እንደተንጠለጠለ መሬት እንኳ አልነካም። መጠኑና ዓይነቱ ከአራቱ ጋር አንድ፣ የጥርሱም ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ በዙሩ ላስገባው ወሰንሁ። አስቀድሜ ጎኑ ላይ የታተመውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አየሁ፤ 2321 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው (ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ስኮርታ ብዙ ሰው ያታልላል)።

መኪናው በኋላ እግሩ የሚገፋ ስለሆነ ስኮርታውን ወደ ቀኝ ኋላ፣ የቀኙን ኋላ ወደ ቀኝ ፊት፣ የቀኙን ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ የግራውን ኋላ ወደ ግራ ፊት አዛውሬ፣ የግራውን ፊት በስኮርታው ቦታ ሰቀልሁት። የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ለታተመበት ጎማ ይህ ቅደም ተከተል አይሆንም። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅሁ አጥብቄ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላ ደገምኋቸው። ጉምጉምታው ከኋላ በጥቂቱ ይሰማል፤ መሪው ግን ጸጥ ብሏል።