በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ወደኋላ የሚያስቀሩ ስህተቶች

የካቲት ሲብት በወሎ ደጋ ሁለት ሥራ አንድ ላይ ይደርሳል፤ የበልግ እርሻና ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት። እንደ ለጋምቦ ባሉ ወረዳዎች አባት ገብስ ሊዘራ በሬ ሲጠምድ፣ ልጅ የመጽሐፉን ሁለተኛ አጋማሽ ይገልጣል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ተማሪ የሚማራቸው አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እነዚያው ናቸው። የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ፊደል ሲለቅም የነበረው አንቀጽ እንዲያነብ፣ ሲደምር የነበረው እንዲያባዛ፣ ሲያካፍል የነበረው ክፍልፋይ እንዲሠራ ይጠበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በቤትም በክፍልም ይሠራሉ። ሁሉም እኩል አይጎዱም፤ ፊደልና መቀነስ ላይ የምንቆየው ለዚያ ነው።

ካርዱ ላይ ደረጃውን ብቻ አይቶ ማጠፍ

የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ቤት ሲገባ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 8ኛ መውጣት ልጁ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም፤ ከ52ቱ ልጆች በልጧል ማለት ብቻ ነው። ደረጃውን ትተው የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤት ይዩ፤ መምህሩን ሲያገኙም «መምህር፣ ልጄ የቱ ላይ ነው የሚደናቀፈው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ጎበዝ ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» ከሆነ በቂ አይደለም። «ሲቀንስ ከአሥር ቤት መበደር አይችልም» የሚል መልስ ሲያገኙ ነው ቤት ሄደው የሚሠሩት ነገር የሚኖርዎት።

በክፍል ውስጥም የዚህ ስህተት ወንድም አለ፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ሳይለዩ መጽሐፉ ካቆመበት ገጽ መቀጠል። በ2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበር፤ በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ በብዙ የወሎ ወረዳዎች ትምህርት አስቆሟል። ስለዚህ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ልጅ የታችኛው ክፍል ትምህርት ሳይገባው አልፎ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋ ሳምንት ለዚህ ትበቃለች። ከ3ኛ ክፍል በላይ ላሉት አራት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ 34 + 28፣ 82 − 47፣ 6 × 7፣ 45 ÷ 6። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ አምስት መስመር ያህል ጽሑፍ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። 62፣ 35፣ 42፣ እንዲሁም 7 ደርሶ ቀሪ 3 የሚል መልስ ያላገኘ ልጅ የቱ ጋ እንደሳተ ስሙ አጠገብ ይጻፍ። የሚያስፈልገው ማስታወሻው እንጂ ማርኩ አይደለም።

ፊደልን እንደ ዜማ መያዝ

«ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ገበታውን ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ ወላጅን ያኮራል። ጣትዎን መሃል ላይ ያኑሩና «ይቺ ማን ናት?» ይበሉት። ከራስ ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰባት ፊደሏን አላወቃትም፤ ዜማውን ነው የያዘው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በቃል ከመሸምደድ በሥርዓቱ መለየት ያቀልላል።

ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ጎን መሃል ላይ ሰረዝ ይጨምራል (ሉ፣ ቡ፣ ኩ)፣ ሣልስ ሰረዙን ወደ ግርጌ ያወርዳል (ሊ፣ ቢ፣ ኪ)፣ ኃምስ ቀለበት ያስከትላል (ሌ፣ ቤ፣ ኬ)። ልጁ ይህን አንዴ ከያዘ አዲስ ፊደል ሲመጣ ገምቶ ያነባል። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት ግን ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይያዙ። ሳድስ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን አንድ ወጥ ምልክት የላቸውም። በዚያ ላይ ድምፃቸው አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። «ብርድ» የሚለውን ቃል «ብ-እ፣ ር-እ፣ ድ-እ» እያለ የሚጎትት ልጅ ፊደል አልጠፋውም፤ ሳድስ ላይ ነው የተያዘው። ለእሱ መፍትሔው ቃሉን ሙሉውን ማሰማት ነው፤ ልብስ፣ ምድር፣ ትልቅ፣ ድንች።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቀን ከ5 ወይም ከ6 ፊደል አይለፉ። ከወረቀት ወይም ከካርቶን ቆራርጠው አንድ ፊደል በአንድ ቁራጭ ይጻፉ፣ ያደባልቁ፣ ያውጡ። የሚመሳሰሉትን በተለያየ ቀን ያስተምሩ፤ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ፣ ዐና ፀ በአንድ ቀን ከመጡ ልጁ ሁለቱንም ያጣል። አንዱ ሲጸና ሌላው ይምጣ። በመጨረሻ ሦስት ቃል ይጥሩለትና ሳያይ ይጻፍ። ከሰሌዳ መገልበጥ ከቃል ጽሕፈት ጋር አንድ አይደለም፤ ምንም ማንበብ የማይችል ልጅም አሳምሮ ይገለብጣል።

ከ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጅ ጋር በሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም በሰና ሠ መጣላት ጊዜ ማባከን ነው። «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ «ፀሐይ» የሚለው የመጽሐፉ አጻጻፍ ከ4ኛ ክፍል በኋላ እያየ ይለምደዋል። መጥበቅና መላላት ግን በጊዜ ይነገረው። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል»፣ «እሺ አለ» እና «ቤት አለ» አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው አነባበቡ ብቻ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቃሉን የሚጠራ ልጅ እዚህ ላይ ይስታል፤ ስለዚህ በልቡ አንዴ ካነበበ በኋላ ድምፅ አውጥቶ ይድገመው።

አንድ የወሎ ጉዳይም አለ። ልጁ «ተቤት መጣሁ» ብሎ ቢጽፍ ቤት የሚነገረውን ነው የጻፈው። በክፍል ማሳቅ የሚያስተምረው ዝምታን ብቻ ነው። «በቤታችን ተቤት፣ በመጽሐፉ ከቤት» ብሎ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማጻፍ በቂ ነው። ልጁ አንደበቱንም ሳይጥል የመጽሐፉን ይይዛል።

መቀነስን በሕግ ማስተማር

82 − 47 ሲሰጥ 45 የሚል መልስ በየክፍሉ አይጠፋም። ልጁ አልደመረም፣ አልገመተም፤ «ከ2 ላይ 7 አይነሳም፣ እንግዲያው ከ7 ላይ 2 ልቀንስ» ብሎ ነው። ትልቁ ከላይ ይሁን ከታች ሳያይ ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳል። «ተበደር» የሚለውን ሕግ መቶ ጊዜ ብንደግምለት ከማን ምን እንደሚበደር ካላየው አይገባውም።

ጭራሮ ወይም የማሽላ አገዳ እኩል እኩል ይቆረጥ፤ 100 ፍሬ ይበቃል። አሥር አሥሩ በክር ይታሰር። 82 ማለት 8 እስርና 2 ነጠላ ነው። 7 ነጠላ እንዲሰጥ ይጠይቁት፤ የለውም። ራሱ አንዱን እስር ይፍታ። አሁን 7 እስርና 12 ነጠላ አለው። 7ቱን ነጠላ ይስጥ፣ 5 ይቀራል። 4ቱን እስር ይስጥ፣ 3 ይቀራል። 35። ከዚያ 35 + 47 ደምሮ 82 መምጣቱን ያረጋግጥ። ይህን በእጁ ሦስት አራት ቀን ሳይሠራ ወደ ደብተር አይሂድ። ክሩን መፍታቱ ነው ትምህርቱ፤ መምህሩ ከፈታለት ልጁ ያየው ትርኢት ነው።

ዜሮ ያለበት ቁጥር ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። 300 − 126 ላይ ከአሥር ቤት የሚበደሩት የለም፤ መጀመሪያ አንዱ መቶ ወደ 10 እስር ይፈታል፣ ከዚያ አንዱ እስር ወደ 10 ነጠላ። 2 መቶ፣ 9 እስር፣ 10 ነጠላ። መልሱ 174 ነው። ልጁ 226 ካመጣ ምንም ሳይፈታ ከትልቁ ትንሹን ቀንሷል፤ 284 ካመጣ ደግሞ የፈታውን መቶና እስር ከነበረበት አላጎደለም።

የማባዛት ሠንጠረዥንም ሙሉውን አሸምድዶ ልጅ ማስጨነቅ አያስፈልግም። የ1፣ የ2፣ የ3፣ የ4፣ የ5 እና የ10ን ብዜት ከያዘ፣ 7 × 3 እና 3 × 7 አንድ መሆናቸውንም ካወቀ፣ ከ6 እስከ 9 ባለው የሚቀሩት 10 ብቻ ናቸው። 6 × 6፣ 6 × 7፣ 6 × 8፣ 6 × 9፣ 7 × 7፣ 7 × 8፣ 7 × 9፣ 8 × 8፣ 8 × 9፣ 9 × 9። በቀን አንዷ ብትያዝ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

በላይኞቹ ክፍሎች ደግሞ ክፍልፋይ አለ። 1/2 + 1/4 = 2/6 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምሯል። «ስህተት ነው» ከማለት በፊት እንጀራ ያስቡ፤ 2/6 ማለት አንድ ሦስተኛ ነው። ግማሽ እንጀራ ይዞ ሩብ ሲጨመርለት ከግማሽ ያነሰ ሊኖረው ነው? ልጁ ራሱ ይስቃል። ከዚያ ግማሹ ሁለት ሩብ መሆኑን ቆርጦ ይይ፣ 3/4 ያገኛል። 0.35 ከ0.8 ይበልጣል የሚሉትም («35 ከ8 ስለሚበልጥ») ብር ይነገራቸው፤ አንዱ 35 ሳንቲም፣ ሌላው 80 ሳንቲም ነው።

በእንግሊዝኛ ሰዓት ላይ መደናገር

መጽሐፉ «ስምንት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያስነብባል። ልጁ ቃል በቃል ተርጉሞ «ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ነው» ይላል። የእኛ 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው፤ ልዩነቱ 6 ስለሆነ አጭሩ ዘንግ ካመለከተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ማንበብ ብቻ ነው። 3 ላይ ካለ 9፣ 11 ላይ ካለ 5። በካርቶን ሰዓት አምስት ደቂቃ ካሳዩት አይረሳውም። ሌላው ስህተት የእንግሊዝኛ ፊደላትን በስማቸው ብቻ ማስጠናት ነው፤ «ቢ» የሚባለው ፊደል በቃል ውስጥ «ብ» ብሎ እንደሚሰማ ካልተነገረው ልጁ ስሞችን ይዘረዝራል እንጂ ቃል አያነብም።

አካባቢ ሳይንስን ከአካባቢው ነጥሎ ማስጻፍ

«ደጋ ማለት…» ብሎ ትርጉሙን የሚያወርድ የደሴ ልጅ ጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ የሚኖርበት የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ መንገዱ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው፤ ግን ከፍታው በመቶዎች ሜትር ስለሚቀንስ ሙቀቱ ይለወጣል። ይህን በመኪና የተጓዘ ልጅ ሁሉ ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። የሰኞው የባቲ ገበያም ሙሉ የትምህርት ክፍል ነው፤ ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል ይመጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። ልጆቹ ከአካባቢያቸው ገበያ አሥር ዕቃ ጽፈው ከቆላ፣ ከወይና ደጋ ወይስ ከደጋ እንደመጣ ይለዩ።

ወንዝም እንደዚሁ። ቦርከና ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ በሽሎ ወደ አባይ። ሁለቱም ከወሎ ተነስተው ለምን ተለያዩ ብሎ መጠየቅ ተፋሰስ የሚለውን ቃል ከማስጻፍ ይሻላል።

በልግ ለመለኪያ ምቹ ጊዜ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ፤ ነፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ ይከበብ። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ማስመሪያ አስገብቶ በሚሊ ሜትር መለካትና መድፋት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ አይሆንም፤ የሚገባው በጠባብ አፍ ስለሆነ፣ የሚለካው ደግሞ በሰፊ ሆድ ስለሆነ ቁጥሩ ይዋሻል።

ክወናና እይታ ጥበባትን እረፍት ማድረግ

«ቅኝት ማለት…» ብሎ አስጽፎ መውጣት ከሁሉም የሚያስቆጨው ወሎ ውስጥ ሲሆን ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው፤ ሌሎቹ ትዝታና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ልጆቹ ያጉረምርሙት፣ ያጨብጭቡት። መሣሪያ ባይኖር መንዙማ የሚያውቅ ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም፤ ምቱን እሱ ያስይዝ።

ገበያ ቀንን «አንድ ቀን ነው» ብሎ ማለፍ

በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ልጅ በ18 ሳምንት ውስጥ 18 ቀን ያጣል፤ ይህ ከሦስት ሳምንት ተኩል በላይ ትምህርት ነው። ግን ከቁጥሩ የባሰ ነገር አለ። ገበያ ሁልጊዜ ያው ቀን ስለሚውል፣ የሚያመልጡትም ሁልጊዜ በዚያ ቀን ያሉት ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። ስለዚህ የክፍሉን ሠንጠረዥ ይዩ። ሒሳብ የሚበዛው በገበያው ቀን ከሆነ ልጁ ሌላ ቀን ያግዝ፤ በፈረቃ ከሚማር ደግሞ ከፈረቃው ውጪ ባለው ግማሽ ቀን ገበያ ይሂድ። ለእርሻ መቅረቱ ግድ ከሆነም፣ ማታ ከክፍል ጓደኛው ደብተሩን ተውሶ መገልበጡ አይበቃም። ያመለጠውን የሒሳብ ገጽ ሁለት ጥያቄ ራሱ ይሥራ። ታላቅ እህት ወይም ወንድም አጠገቡ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ እርሳሱን ግን የሚይዘው ልጁ ይሁን።