ትልቅ ጎማ የገጠመ ላንድክሩዘር መሪው ሲርገበገብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጅማ ወደ አጋሮ ስሄድ፣ አስፋልቱና ድልድዩ ከሚጋጠሙበት እብጠት ላይ የግራ ጎማዬ ነጠር አለ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ መሪው የእኔ አልነበረም። ግራና ቀኝ እየተወራጨ እጄን መታኝ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ያስቀመጥኩት ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ መኪናዋ ልትቆም ትንሽ እስኪቀራት ድረስ መንቀጥቀጡ አልበረደም። ወርጄ አየሁ። የተሰበረ ነገር የለም፣ የፈሰሰ ዘይት የለም፣ ጎማው እንዳለ ነው። እንደገና ሳስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ሄደች።

መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር 79 ናት። ይዛው የመጣችውን 265/70 አር 16 ጎማ አውልቄ 285/75 አር 16 አስገብቼላታለሁ፤ ቁመቷንም 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጌያለሁ። በክረምት ወደ ዴዶ የሚወጣ ሰው ለምን እንዳደረግኩት አይጠይቀኝም። የመርገብገቡን መነሻ ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ ከስምንቱ ሰባቱ የራሴ ስህተት ናቸው።

መንቀጥቀጥን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ጋራዥ ገብቶ “መሪው ይንቀጠቀጣል” ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ “ያመኛል” ብሎ ዝም እንደማለት ነው። መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው? በለሰለሰ አስፋልት ላይ፣ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ የሚመጣና ፍጥነቱ ሲለወጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ይታይ። ጉድጓድ ወይም እብጠት ሲነካ በድንገት የሚነሳና መኪናው ሊቆም እስኪቃረብ የማይለቅ ከሆነ ግን፣ ከፊት እግር አንድ የሚላወስ ነገር አለ ማለት ነው። የእኔ ሦስተኛው ነበር፤ የታከመው ግን እንደ መጀመሪያው ነው።

ፍጥነቱን ስትናገሩም ቆጣሪውን አትመኑ። የቀድሞው ጎማዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ 777 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ አዲሱ 834 ነው። ቆጣሪው 70 ሲል መኪናዋ 75 ገደማ ትሄዳለች።

ጭቃውን ሳያጥቡ ባላንስ ማስደረግ

የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ ማጣበቂያ ነው፣ ሲደርቅ ሸክላ። ከገጠር መልስ መኪናዋን አቁማችሁ ካደራችሁ ጭቃው በቸርኬው የውስጥ ወገን አንድ ጎን ላይ ይደርቃል። ግማሽ ኪሎ ጭቃ ውስጥ ተጣብቆ ሳለ ውጭ ላይ የ30 ግራም የባላንስ ማመጣጠኛ እርሳስ መለጠፍ ቀልድ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ከፍዬበታለሁ። ጎማውን አውልቁና የውስጡን ወገን በእንጨት ፋቁት፣ ከዚያ እጠቡት።

ባላንሱ አልሆን ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ትልቁ ጎማ ይቀስራል። ጎማው ንጹሕ ነው አልልም። ክብደቱ ይበልጣል፣ ክብደቱም ከመሐል ራቅ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ትንሹ ጎማ ችሎት የኖረውን ክፍተት ትልቁ አይችለውም። ነገር ግን ልቅነቱን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ያሳበቀበት እንጂ።

የመሪውን አሞርዛተር ቀይሮ ተገላገልኩ ማለት

ይህን ስህተት ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ደስ እያለኝ። አዲሱ አሞርዛተር ሲገጠም መንቀጥቀጡ እውነትም ይጠፋል፤ ሥራው የመሪውን መወራጨት መዋጥ ነውና። ልቅ የሆነው ነገር ግን ከሥሩ መላወሱን አይተውም፤ እንዲያውም ምልክቱ ስለተደበቀ በሰላም እየሰፋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሁለት ወር ያዘልኝ፣ ሁለተኛው ከዚያም አነሰ። ዘይት ያፈሰሰ አሞርዛተር መቀየሩ አይቀርም፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ክሪክ ላይ ብቻ መፈተሽ

የሄድኩባቸው ጋራዦች ሁሉ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነበር፤ ፊቷን በክሪክ ያነሳሉ፣ ጎማውን ይዘው ይነቀንቃሉ፣ “ምንም የለባትም” ይላሉ። በመጨረሻ መርካቶ አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። የቀድሞዎቹን አይቼ ስለነበር ክሪኩን ራሴው አወጣሁለት። ሳቀብኝ።

“ልጄ፣ አውርዳት። በእግሯ ትቁምና እንያት።”

“ጋሼ፣ ከመሬት ላይ ምን ይታያል?”

“ስትሄድ በአየር ላይ ነው እንዴ የምትሄደው?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ በነጻ ይዞራል፤ መገጣጠሚያዎቹን የሚጎትታቸው ስለሌለ ልል የሆነውም ጠባብ መስሎ ይታያል። ጎማው መሬት ሲረግጥና መሪው ሲዞር ግን፣ ትልቁ ጎማ አልዞርም ብሎ ይሟገታል፤ ግፊቱ ሁሉ ወደ ልሉ ቦታ ይሄዳል።

ስለዚህ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማ ታኮ ይደረግበት። አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያመላልስ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ በባትሪ ይመልከት። የሚፈለገው ጎማው ከመዞሩ በፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቴስቲናዎቹን፣ ማለትም የመሪው ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉትን መገጣጠሚያዎች፣ አንድ በአንድ ማየት፣ የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ የታሰረባቸውን ብሎኖችና በዙሪያቸው የተሰነጠቀ ብረት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ደግሞ አክሰሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያይዘው ፓንሃርድ የሚባል ዘንግ አለ፤ ዓይን የማይሞላ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

የእኔ እሱ ነበር። ሽማግሌው ከሥር “ቀኝ… ግራ… ቀኝ” እያለ ሲያዘኝ ቆይቶ “ተራ ለውጠን” አለኝና እሱ መሪውን ያዘ። ገብቼ አየሁት። ጎማው ገና ቆሞ ሳለ አክሰሉ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ጎን ይንሸራተታል። በዘንጉ ጫፍ ብሎኑን የሚያቅፈው የላስቲክ ቀለበት፣ ቦኮላው፣ ተቀድዷል፤ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳም ሞላላ ሆኗል። ያለፉት ጋራዦች ብሎኑን አጥብቀውት ይሆናል፤ ሞላላ ቀዳዳ ግን በማጥበቅ አይድንም። ትክክለኛ ቀዳዳ ያላት ወፍራም ብረት ተበየደችበትና አዲስ ቦኮላ ገባ። ሽማግሌው የጠየቀኝ ከሁለተኛው አሞርዛተር ዋጋ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የላስቲክ ቦኮላ ያለበት ብሎን የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ላይ እያለ ከጠበቀ ቦኮላው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ሁለቱን ኩሽኔታዎች ማምታታት

ክሪክ የራሱ ሥራ አለው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁ የሚላወስ ከሆነ፣ ወይ የጎማው ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ቀለበት ነው፣ ወይ ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት አንጓ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መላወሱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ የአንጓው ነው። በግራና በቀኝ ሲያዝ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ወደ ቴስቲና ተመለሱ። ይህን የማያውቅ ሰው የማያስፈልግ ኩሽኔታ ይገዛል።

የአንጓው ኩሽኔታ ሲቀየር ጥብቀቱ በግምት አይሆንም። ከሥሩና ከላዩ በሚገቡ ስስ ብረቶች ይስተካከልና በሞላ ሚዛን ተጎትቶ ይለካል፤ መጠኑ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። በቡና አገር የሞላ ሚዛን አጣሁ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከፍ አድርጎ ኮንቨርጀንሳ ብቻ ማስደረግ

የሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ እጅ ሲለቀቅ መሪው ቀጥ የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። የላንድክሩዘርም አንጓ እንዲሁ ጋደል ብሎ ነው የተሠራው። መኪናው ከፍ ሲደረግ አክሰሉ በትንሹ ይዞርና ጋደል ማለቱ ይቀንሳል፤ መሪውም ራሱን መመለስ ይሰንፋል። ኮንቨርጀንሳ የሚያስተካክለው ሁለቱ የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያዩበትን አቅጣጫ እንጂ ይህን አይደለም። ሞላ ባላቸው ላይ ቀዳዳው ከመሐል በወጣ ቦኮላ፣ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ዝርግ ሞላ) ባላቸው አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ በባሌስትራውና በአክሰሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይመለሳል። አብዝቶ ማጋደልም የፊቱን የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ መገጣጠሚያ ስለሚያጣምም ልክ አለው።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

ገንዘብ ያለው ሰው ስህተት ነው። መርገብገቡ ቢጠፋ ምን እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ቢመለስ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም። አንዱን ቀይሩ፣ በዚያው መንገድ ነድታችሁ እዩ። የጎማውን ነፋስም ከዚያ በፊት ለኩ፤ ለሙሉ ጭነት የተነፋ ጎማ ባዶ መኪና ላይ በየጉድጓዱ እንደ ኳስ ይነጥራል።

ሲጀምር ፍሬኑን መደብደብ

በድንጋጤ ፍሬን መርገጥ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይጭነዋል፤ የሚንቀጠቀጠውም ፊቱ ነው። እግርን ከነዳጁ ማንሳት፣ መሪውን ሳይታገሉ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ በእርጋታ ዳር መያዝ ይሻላል። አውራ ጣታችሁ ከመሪው ክብ ውጭ ይሁን። እኔ የግራ አውራ ጣቴን በመሪው ክንፍ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ዝናብ ሲመጣ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም።