«ከአስር ስንት ትሰጠዋለህ?» ፊልም አይቶ ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ፊልም አይቶ ዝም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የማራኪ ግቢ ዶርም ይሁን የፒያሳ ማኪያቶ ጠረጴዛ፣ አንዱ ትናንት ማታ ያየውን ካነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ከአስር ስንት ትሰጠዋለህ?» እኛ ዘንድ ሰብሰብ ብለን ፊልም አይተን ስንጨርስ ውይይቱን የምመራው እኔ ስለሆንኩ መልሱን ሁልጊዜ እሰማለሁ። አንዳንዱ ስህተት ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ደሜን ያፈላዋል። ደሜን ከሚያፈላው ልጀምር።

ፊልሙን ትቶ ሀገሩን መመዘን

ፋሲል ግቢ በአንድ ትዕይንት ብልጭ ካለ ፊልሙ ዘጠኝ ነው። ጥምቀት ከተጨመረበት አስር። ታሪኩ መሃል ላይ ቢበጠስ፣ ተዋናዩ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ቢያወራ፣ ድምፁ ባይሰማ ግድ የለም፤ ግንቡ ታይቷላ! እንዲህ የሚለው ልጅ ክፋት የለበትም፣ ሀገሩን ይወዳል። የጠየቀው ሰው ግን ለዚህ ፊልም ሁለት ሰዓቴን ልስጠው ወይ ነው ያለው እንጂ ጎንደር ታምራለች ወይ አላለም። ጎንደር ማማሯን ያውቃል፤ ከቤቱ ሲወጣ ያያታል።

የዚሁ ስህተት ሌላው ፊቱ ደግሞ ይብሳል። «ሰውየው ከአራዳ ታጥፎ ወዲያው ፋሲል መዋኛ ደረሰ፣ ውሸት ነው!» የሚለው። ወዳጄ፣ ፊልም የባጃጅ ጉዞ አይደለም። ዳይሬክተሩ ሁለት ቦታ ቀርጾ አንድ ሰፈር ማስመሰሉ ሥራው ነው፤ ኤዲቲንግ የሚባለው ነገር ከመጣ ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው። አንድ ምሽት እናት ልጇን የምታጣበት ትዕይንት አልቆ ሰዉ ገና እንባውን ሳይጠርግ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ ብሎ «ያ ቤት እኮ ሳሙና በር አይደለም፣ አዘዞ ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሁሉ የቤት አድራሻ ሙግት ሆነ። እናቲቱን ስለተጫወተችው ሴት አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የዘመን ስህተት ግን ሌላ ነው። ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ ነው። ግራኝ አሕመድ የሞተው በ1543። ስለ ግራኝ ዘመን የሚተርክ ፊልም ከፈረሰኞቹ ጀርባ የፋሲልን ግንብ ቢያሳየን ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ስቷልና ይነገረው፣ ነጥብም ይቀነስበት። ተመልካቹን ታሪክ የሚያሳስት ስህተት ነው። የመንገድ አቋራጭ ግን ማንንም አያሳስትም።

በዚሁ መስመር «የጎንደር ልጅ ነው» የሚባል ነጥብ አለ። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር መወለዱን፣ ፊልሙ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ማግኘቱን ሳልጠይቀው የሚዘረዝርልኝ ብዙ ነው። «ጥሩ፣ የትኛውን ትዕይንት ወደድከው?» ስለው ሰዓቱን ያያል። አላየውማ! ያየችው አንዲት ተማሪ ስለ ሽልማቱ ምንም አላነሳችም። መጀመሪያ ላይ ጊዜው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስባት እንደተደናገረች፣ በኋላ ግን የተበጣጠሰው የባለታሪኩ የራሱ ትዝታ እንደሆነ ሲገባት አረፍ ብላ እንዳየችው ተናገረች። ቁጥር አልሰጠችም። ግን ከዚያ ወዲያ ፊልሙን የት እናገኘዋለን የሚለኝ ሰው በዛ።

«ይበረታታ» ብሎ ሁለት መጨመር

ለውጭ ፊልም አንድ ሚዛን፣ ለሀገር ውስጥ ፊልም ሌላ ሚዛን የያዘ ሰው ሁለቱንም ይበድላል። የኛ ሰው በአነስተኛ ገንዘብ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ይህን በቃል ንገሩን፣ ነጥቡ ውስጥ አትደብቁት። ሰው በእናንተ ስምንት አምኖ ገብቶ ሲከፋው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥሩውን የአማርኛ ፊልምም አይገባለትም።

አጭሩን አይቶ «አይቼዋለሁ» ማለት

በስልክ የሚዞሩት የፊልም ማጠቃለያዎች ለመኝታ ሰዓት ጥሩ ናቸው፤ አንድ ሰው የሁለት ሰዓቱን ታሪክ በአሥር ደቂቃ ይተርከዋል። ይህን ሰምቶ ደረጃ የሚሰጥ ሰው ግን ያልበላውን ምግብ ጨው አነሰው የሚል ነው። መለየቱም ቀላል ነው። የገፀ ባሕርያቱን ስም አያውቅም፤ «ልጁ»፣ «ልጅቷ»፣ «ክፉው ሰውዬ» እያለ ያወራል፣ ተራኪው እንደዚያ ስለሚጠራቸው። ሙዚቃውን ብትጠይቁት የለም። ተዋናዩ ዝም ብሎ ፊቱ ብቻ የሚታይበትን ረጅም ትዕይንት ብትጠይቁት የለም፤ ማጠቃለያው የሚቆርጠው መጀመሪያ እሱን ነዋ። ታሪኩን ያውቃል። ፊልሙን አላየም።

መቶኛን ከአስር መቁጠር

«ዘጠና በመቶ አለው፣ ስለዚህ ዘጠኝ ከአስር ነው።» አይደለም! የሐያሲያንን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የምታዩት መቶኛ ከጻፉት ሐያሲያን ስንቱ እንደወደዱት እንጂ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። መቶ ሐያሲ አይቶት ዘጠናው «ደህና ነው፣ አይከፋም» ቢሉ ፊልሙ ዘጠና በመቶ ያገኛል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም ይሰጠዋል፣ ካነሰ የተፈጠፈጠው አረንጓዴ። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ ደግሞ የሐያሲያኑን ነጥብ ራሱን ወስዶ ከመቶ አማካይ ያወጣል። አንዱ ፊልም እዚያ 90፣ እዚህ 65 ቢኖረው ማንም አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው ጥያቄ የተለያየ ነው። አይኤምዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው ነጥብ ከ1 እስከ 10 የሚሰጥ የተመልካች ድምፅ ነው። ፊልም ያዩ ሰዎች ኮከብ የሚሰጡበት ሌተርቦክስድ ደግሞ ከግማሽ ኮከብ ጀምሮ አምስት ላይ ያበቃል፤ አንድ ወዳጄ «3.8 ብቻ ነው ያለው፣ ወድቋል» ብሎ አንድ ግሩም ፊልም ሳያይ ከርሟል፣ ከአስር መስሎት።

ለነገሩ «ወድቋል» የምትለዋ ራሷ ከትምህርት ቤት የመጣች ናት። ከግማሽ በታች መውደቅ ነው ተብለን ስላደግን ለመካከለኛ ፊልም አምስት ለመስጠት እጃችን ይንቀጠቀጣል፤ ሰባት እንሰጠዋለን። ከዚያ ለጥሩው ስምንት፣ በጣም ለጥሩው ዘጠኝ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ያለው ቁጥር ያለ ሥራ ይቀመጣል። አምስት ማለት መካከለኛ ነው። ተጠቀሙበት።

የቅጂውን ጥፋት ለዳይሬክተሩ መስጠት

ከአዳራሽ ውስጥ በስልክ የተቀዳ፣ ፍላሽ ላይ የተጫነ፣ መሃል ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያልፍበት ቅጂ አይቶ «ካሜራማኑ አይችልም፣ ሁሉም ጨለማ ነው» ይላል። በምን እንዳያችሁት ተናገሩ፣ በቂ ነው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲያጓራ ያያችሁትም እንደዚያው።

የትርጉም ፊልም ጉዳይ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ሰው ወንዱንም ሴቱንም ሕፃኑንም ሆኖ የሚተረጉምባቸው ፊልሞች ውስጥ ተርጓሚው የራሱን ቀልድ ይጨምራል፤ ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች በዚህ ስቀን አንጠግብም ነበር። ታዲያ አንዱ ተነስቶ «የፊልሙ ንግግር አጻጻፍ እንዴት ያምራል!» ሲል፣ ያመሰገነው አዲስ አበባ ማይክ ፊት የተቀመጠውን ሰው እንጂ የፊልሙን ጸሐፊ አይደለም። ምስጋናው ይገባዋል፣ ግን ለማን እንደሆነ ይታወቅ።

መጨረሻውን መናገር

ይህን እንኳ አላስረዳም። አትናገሩ። «አልናገርም፣ ግን የሚሞተው አንተ የማታስበው ሰው ነው» ማለትም መናገር ነው።

ከማን ጋር እንደሚታይ አለመናገር

ጀማሪዎች ሁሉ የሚረሱት ይህን ነው። ስለ ቀረፃው፣ ስለ ትወናው፣ ስለ ሙዚቃው በደንብ ይናገሩና ፊልሙ ከቤተሰብ ጋር ይታይ እንደሆነ ሳይጠቅሱ ይቀራሉ። እኛ ዘንድ ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ነው፣ ሳሎን ደግሞ አባት አለ፣ እናት አለች፣ አንዳንዴም ጠበል ሊጠጡ የመጡ የንስሐ አባት አሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ይህ ይምጣ፦ ርዝመቱ ስንት ሰዓት ነው፣ ደም ይበዛበታል ወይ፣ ከታናሽ እህት ጋር የሚያሳፍር ቦታ አለው ወይ።

አንድ የማውቀው ልጅ ጓደኛው «ዘጠኝ ነጥብ አምስት፣ አልቅሰህ ነው የምትነሳው» ብሎት እሑድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ፊልሙን ለመላው ቤት ከፈተው። ሃያኛው ደቂቃ ላይ መሆን የሌለበት ሆነ። ሪሞቱ ከሶፋው ሥር ገብቷል፣ ልጁ ተንበርክኮ ይፈልጋል፣ እናትየዋ ድንገት ቡናው ገነፈለ አሉ፣ አባትየው ጣሪያውን ያያሉ። ፊልሙ በእርግጥም ጥሩ ነው፣ እኔም ስምንት እሰጠዋለሁ። አባትየው ግን አሁንም ልጃቸው ሲወጣ ባዩት ቁጥር «ያ ፊልም የመረጠልን ልጅ ጋ ነው የምትሄደው?» ይሉታል።