የትራካችሁን ዲፒኤፍ ያለ ጊዜው የሚደፍኑ ስህተቶች

አሜሪካ ትራክ የሚነዱ ሀበሾች ትራክ ስቶፕ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የሎድ ዋጋ ያማርራሉ፣ ቀጥሎ ዲፒኤፍን፣ ማለትም የናፍጣ ጭስ ማጣሪያውን። ሁለተኛው ላይ ግን ጥፋቱ ሁሌ የፋብሪካው አይደለም። ዲፒኤፍ ራሱን ማጽዳት ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው ፋታ ስለምንነሳው ነው።

አሠራሩ ባጭሩ ይኸው። ከ2007 ሞዴል ወዲህ ያሉ የናፍጣ ትራኮች ጭስ መውጫ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ተገጥሟል። ጭሱ በግድግዳዎቹ ሰርጎ ሲያልፍ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል። ጭነት ይዛችሁ ሀይዌይ ላይ ስትሄዱ ጥቀርሻው በጭሱ ሙቀት ቀስ እያለ ይቃጠላል። ይህ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ጭሱ ላይ ትንሽ ናፍጣ ይረጫል። ናፍጣው ከፊት ያለው ካታሊስት ላይ ሲቃጠል ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወጣል፣ ጥቀርሻውም ያልቃል። ሪጄን የምንለው ይህንን ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አስነስቶ መተኛት

ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጥቀርሻ ያመርታል እንጂ የሚያቃጥልበት ሙቀት የለውም። የሚኒሶታ ጥር ላይ ይህን መናገር ይቀላል፣ ግን ለዚህ ነው ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ካቢኑን የሚያገለግል ትንሽ ረዳት ሞተር) ወይም በናፍጣ የሚሠራ የካቢን ማሞቂያ የተፈጠረው። ዋጋው ውድ ነው፤ የዲፒኤፍ ዋጋ ግን ይብሳል።

መብራቱን አይቶ እንዳላዩ መሆን

ዋናው ጥፋት ይሄ ነው። አብዛኞቹ ትራኮች ላይ ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ቢጫው የዲፒኤፍ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል። ያኔ ሀይዌይ ላይ ፍጥነት ይዞ መንዳት ሊያጠፋው ይችላል። ብልጭ ድርግም ካለ ቆማችሁ ሪጄን አድርጉ። ቼክ ኢንጅን ከተጨመረበት ትራኩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ እየተጎተታችሁ መኪና ሁሉ ያልፋችኋል። ቀዩ የስቶፕ መብራት ከመጣ ሞተሩ ሊጠፋ ነው። እዚህ ከደረሰ የሪጄኑን ቁልፍ ብትጫኑም እምቢ ሊል ይችላል፤ ቀጣዩ ወጪ ቶው ትራክ ነው።

ከልክ በላይ የሞላን ዲፒኤፍ ማቃጠል ራሱ አደጋ አለው። የተከማቸው ጥቀርሻ ባንዴ ሲቀጣጠል ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ «ከሎዱ በኋላ» አትበሉ።

አንድ መብራት ግን አያስደንግጣችሁ፦ የጭስ ማውጫ ሙቀት መጨመሩን የሚያሳየው። ብልሽት አይደለም፤ ጭሱ ግሏል ነው የሚላችሁ።

ሪጄኑን መሃል ላይ ማቋረጥ

ቆሞ የሚደረግ ሪጄን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፓርኪንግ ብሬክ ይያዛል፣ ማርሹ ኒውትራል ይሆናል፣ ፔዳል አይነካም። ዲስፓቸሩ «የት ደረስክ?» እያለ ሲደውል ፔዳሉን ከነካችሁ ሪጄኑ ይቋረጣል። የሚቃጠለው ተቃጥሎ የቀረው ይቀራል፣ መብራቱም ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። ቦታም ምረጡ፦ ደረቅ ሣር ላይ አይሆንም፣ ነዳጅ መቅጃው አጠገብ አይሆንም፣ ጭስ ማውጫው ወደ ሰው ወይም ወደ ሌላ ትራክ መዞር የለበትም።

ሪጄን የሚከለክል ቁልፍ ያላቸው ትራኮችም አሉ። የሆነ መጋዘን ውስጥ ተጭኖ በዚያው የተረሳ ቁልፍ ስንቱን ሾፕ ልኮታል።

ሪጄን እየደጋገሙ ምክንያቱን አለመፈለግ

በየቀኑ ሪጄን የሚጠይቅ ትራክ ሌላ በሽታ አለበት። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ ኩላንት የሚያፈስ የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ማቀዝቀዣ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ፤ ሁሉም ጥፋታቸውን የሚጥሉት ዲፒኤፍ ላይ ነው። አዲስ ብትገጥሙም ይደፈናል። አንዳንዴ ደግሞ ዲፒኤፉ ደህና ሆኖ ግፊት የሚለካው ሴንሰር ወይም ቀጭኑ ቱቦው ተዘግቶ ውሸት ያወራል። መካኒኩ መጀመሪያ እሱን ይይ።

እናንተም ጭስ ማውጫው ሲበርድ ጫፉን ከውስጥ በጣታችሁ ጥረጉት። ደህና ዲፒኤፍ ያለው ትራክ ጭስ ማውጫ ንጹህ ነው። ጣታችሁ ጥቁር ከሆነ ሴራሚኩ ተሰንጥቆ ጥቀርሻ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

አመዱን መርሳት

ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ አመድ አይቃጠልም። አመዱ በብዛት የሚመጣው ሞተሩ ከሚያቃጥለው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ዚንክ የመሳሰሉት አይነዱም። ምንም ያህል ሪጄን ቢደረግ አመዱ አይወጣም። ዲፒኤፉ ተፈቶ፣ ሾፕ ውስጥ በአየር ግፊትና በልዩ ምድጃ መጽዳት አለበት። በስንት ማይል እንደሆነ የሞተራችሁ መመሪያ ላይ አለ። ከርካሽ ዘይት ራቁ፤ ሞተሩ ሲኬ-4 የሚባለውን የዘይት ደረጃ የሚጠይቅ ከሆነ ጀሪካኑ ላይ እሱ መጻፉን አረጋግጡ። በቤት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብስ? ተዉት፣ ካታሊስቱን ያበላሻል።

አስወልቆ መገላገል

«አውጥቼ ሶፍትዌሩን ልቀይርልህ» የሚል ሰው አይጠፋም። የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ይከለክለዋል። ካሊፎርኒያ የምትመላለሱ ደግሞ ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆኑ የናፍጣ ትራኮች በየጊዜው የጭስ ምርመራ ማለፍ አለባቸው። ትራኩን መሸጥ ስትፈልጉም ዲፒኤፉ መኖሩን አጎንብሶ የሚያይ ገዢ ይመጣል።